ትንሽ የማስታወቂያ ቤት ለበጎ አድራጎት ማኅበር ምን ሊሰጥ ይችላል?

በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ በየወሩ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ርዳታ የሚጠይቅ እንግዳ ይመጣበታል። አንዱ ለትምህርት ቤት፥ አንዱ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ማሠሪያ፥ አንዱ ለተፈናቀሉ ወገኖች፥ ሌላው ደግሞ ለእግር ኳስ ክበብ እያለ ደብዳቤውን ከነማኅተሙ በጠረጴዛው ላይ ያኖራል። ነጋዴውም እንደ ዕለቱ ገበያና እንደ ልቡ ሁኔታ አንድ ሺህ ወይም ሁለት ሺህ ብር ሰጥቶ ያሰናብታል። ከዚያ በኋላ እርሱም ገንዘቡ ምን እንደ ሠራ አይጠይቅም፥ ማኅበሩም ተመልሶ አይነግረውም። ይህ አሠራር በከተማችን በጐንደር እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ሌላ መንገድ ያለ አይመስለንም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሌላ መንገድ መኖሩን ለማስረዳት ነው።

ለምሳሌነት የመረጥሁት ትልቁን ፋብሪካ ወይም ባንኩን ሳይሆን ትንሹን የማስታወቂያ ቤት ነው። በፒያሳ ወይም በአራዳ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፥ ሦስት ወይም አራት ሠራተኞች ይዞ፥ የሱቅ ሰሌዳ የሚጽፈውን፥ ባነር የሚያትመውንና የሠርግ መጥሪያ የሚያዘጋጀውን ቤት ማለቴ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ካፒታሉ ጥቂት ስለ ሆነ ገንዘብ ልስጥ ቢል ስጦታው በቶሎ ያልቃል። ነገር ግን ለማኅበራት ከሁሉ ይልቅ የጐደላቸው ነገር በእርሱ እጅ ይገኛል። ይኸውም ሥራቸውን ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ መግለጥና ሒሳባቸውን አጣርቶ ማሳየት ነው። ትንሹ ቤት ይህን ማድረግ ከቻለ አስመጭውም፥ ላኪውም፥ ባለሱቁም በየሙያው የሚሰጠው ነገር አያጣም።

ጉዳዩ ዛሬ አሳሳቢ የሆነበትን ምክንያት ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ አቅራቢያ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሺህ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጣ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ስደተኛው በመተማ በር ገባ። በዚያው ዓመት ክረምት ዝናቡ ስለ ቀረ በ2016 ዓ.ም. በጃን አሞራና በጠለምት ሕዝቡ ተራበ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭት በመንገድና በገበያ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ለነጋዴ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። በዚህ ሁሉ ላይ ዩ.ኤስ.ኤ.አይ.ዲ. የተባለው የአሜሪካ የርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አብዛኛውን ሥራውን አቋርጦ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ፈጽሞ ተዘጋ። ከባሕር ማዶ በሚመጣ ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ ማኅበራት አሁን ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረዋል። እኛም ቢሆን ገበያችን ቀዝቅዟል፥ ኪሳችን ሳስቷል። ስለዚህ ጥያቄው ምን ያህል እንጨምር የሚለው ሳይሆን ያለንን እንዴት እንስጥ የሚለው ነው።

ወደ ሩቅ ሳንሄድ ከእድር እንጀምር። የእድር አባል በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ያዋጣል። ሞት በደረሰ ጊዜ ማኅበሩ ድንኳኑን ይተክላል፥ አግዳሚውንና ዕቃውን ያቀርባል፥ ለሐዘንተኛውም በደንቡ የተወሰነውን ይከፍላል። ዳኛ አለው፥ ጸሐፊ አለው፥ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ከቀብር የቀረውን ይቀጣል። ሰው ለእድሩ ሲያዋጣ ቅር የማይለው ለምንድን ነው? ሀብታም ስለ ሆነ አይደለም። የሚከፍለውን መጠን አስቀድሞ ያውቃል፤ ገንዘቡ በማን እጅ እንዳለ ያውቃል፤ ጠቅላላ ስብሰባ ሲደረግ ሒሳቡ በፊቱ ይነበብለታል። እነዚህ ሦስት ነገሮች በሌሉበት ዘንድ ግን እጅግ ቸር የሆነው ሰው እንኳ ውሎ አድሮ ይታክተዋል። ብዙዎቹ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ከእድር ይልቅ የከበደ ሥራ ይዘው ሳለ እድር የሚያደርገውን ያህል ለአዋጪው አይናገሩም። ይህን የምለው እነርሱን ለመንቀፍ አይደለም። ሕፃናት የሚያሳድግ ወይም ሕሙማን የሚያስታምም ሰው ቀኑን ሙሉ ሲደክም ውሎ ማታ ጥሩ ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜውም ልምዱም የለውም።

የማስታወቂያ ቤቱ ሥራ የሚጀምረው እንግዲህ ከዚህ ነው። በነጋዴ ቤት ጸሐፊ በመሆኔ የርዳታ መጠየቂያ ደብዳቤዎችን ተቀብዬ ለአሠሪዬ የማነብ እኔ ነኝ። አብዛኞቹ በአንድ ቅርጽ የተቀረጹ ናቸው፦ «ድርጅታችሁ ለወገን ያለውን ከፍተኛ ፍቅር በመገንዘብ የተቻላችሁን ሁሉ ድጋፍ እንድታደርጉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» ይህ ዓረፍተ ነገር አንዳች ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ምንም አይናገርም። «የተቻላችሁን ሁሉ» የተባለ ነጋዴ ከሁሉ የሚያንሰውን ይሰጣል፤ የተፈለገበትን መጠን አያውቅምና። አሁን ደግሞ የማስታወቂያ ሙያ ያለው ሰው ያንኑ ጥያቄ ቢጽፈው ምን ሊመስል እንደሚችል እንመልከት፦ «በቀበሌያችን ወላጆቻቸውን ያጡ 40 ልጆች እናስተምራለን። ለአንድ ልጅ በዓመት 12 ደብተር ያስፈልጋል። የ25ቱ ልጆች ተገኝቷል፤ የ15ቱ ቀርቷል። እናንተ የ5ቱን ብትችሉ ደረሰኙን ዛሬ፥ የልጆቹን የትምህርት ሁኔታ የሚገልጽ ወረቀት ደግሞ በየካቲት ወር እናመጣለን።» የ15 ልጆች ደብተር 180 ነው። ይህ ባለሱቅ ከመደርደሪያው ቆጥሮ የሚያወርደው ነገር ስለ ሆነ ወዲያው «የአምስቱን እኔ እችላለሁ» ይላል። በሁለቱ ደብዳቤዎች መካከል ያለው ልዩነት የቁጥርና የቀጠሮ ልዩነት ነው። ይህንንም ለመጻፍ የማስታወቂያ ሠሪው አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

ከደብዳቤው ቀጥሎ የሚያስፈልገው ደረሰኝ ነው። ተራ ቁጥር ያለው፥ የማኅበሩ ስምና የምዝገባ ቁጥር የታተመበት፥ ሁለት ቅጂ ያለው ጥራዝ ለማኅበሩ ከብዙ ሺህ ብር ይልቅ ይጠቅመዋል። ደረሰኝ የሚሰጥ ማኅበር ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ በሩ ተከፍቶ ይጠብቀዋል። ሦስተኛው የዓመቱን ሥራ የሚያሳይ አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ስንት ገባ፥ ስንት ወጣ፥ በምን ላይ ዋለ፥ ስንት ሰው ተረዳ። ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። በቀለም ያሸበረቀ ብዙ ገጽ ያለው መጽሔት አሳትሞ ማደል ለአታሚው ትርፍ ይሆናል እንጂ አንባቢ የለውም። አራተኛው ሰሌዳ ነው። በከተማችን በጠባብ መንገድ ውስጥ ተደብቀው የሚሠሩ፥ ጐረቤቶቻቸው እንኳ የማያውቋቸው ማኅበራት አሉ። በአስፋልቱ ዳር የሚቆም አንድ ቀስት ያለበት ሰሌዳ ጐብኚውንም፥ አገር ቤት የመጣውን ዲያስፖራም፥ ልብስ ላበርክት የሚለውንም ሰው ይመራል።

እስቲ በሒሳብ እንየው። አራት ሠራተኞች ያሉት የማስታወቂያ ቤት እያንዳንዱ ሠራተኛ በወር አንድ ቀን ለአንድ ማኅበር እንዲሠራ ቢያደርግ በዓመት 48 የሥራ ቀን ይሆናል። ቀኑም ሥራ የሚቀንስበት ቀን ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ሠርግ በማይኖርበት በዐቢይ ጾም ወራት ማተሚያው ብዙ ጊዜ ቆሞ ይውላል። በ48 ቀን ደብዳቤው፥ ደረሰኙ፥ ሰሌዳውና የዓመቱ ሒሳብ ሁሉ ተሠርቶ ቀን ይተርፋል። ይህንኑ በጥሬ ገንዘብ ልስጥ ቢል ግን ትንሹ ቤት የቤት ኪራዩን ለመክፈል ይቸገር ነበር። ደግሞም ስጦታው ለሠራተኛው ትምህርት ይሆነዋል። ስለ ሕሙማን በጥንቃቄ መጻፍ የለመደ ወጣት ለነጋዴ ደንበኛም የተሻለ ይጽፋል።

ሙያን መስጠት ለጐንደር እንግዳ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. በመንግሥትና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ትብብር በከተማችን የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከሌላ አገር የተቀበለው ትልቁ ስጦታ አስተማሪ ነበር። ጤና መኮንኖች፥ ነርሶችና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞች በቡድን ሆነው በየአውራጃው ሲሰማሩ አገሪቱ የተጠቀመችው በሙያቸው ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ያው ተቋም በእንግሊዝ አገር ከምትገኘው ከሌስተር ከተማ ሐኪሞች ጋር እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያለው ግንኙነትም የቆመው ሐኪም ለሐኪም ዕውቀቱን በማካፈሉ ነው። በዚያው ዓመት የፋሲለደስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከአንድ የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ጋር ወዳጅነት ጀመረ፤ ከዚህም ሊንክ ኢትዮጵያ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ተወለደ። ሲጀመር ከሁለት ትምህርት ቤቶች ወዳጅነት የበለጠ ነገር አልነበረም።

ማስታወቂያ በራሱ ለበጎ ሥራ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ደግሞ ከአዲስ አበባ እንማራለን። በኅዳር 1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ፥ ከመሥራቾቹ አንዱ አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የሆነበት፥ ለሯጩ ካናቴራ ይሸጣል፤ በካናቴራው ላይ የሚረዱት ድርጅቶች ስም ይታተማል፤ ሩጫውም ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሆኖ ያገለግላል። ነጋዴው ማስታወቂያውን ያገኛል፥ ሯጩ ልብሱን ያገኛል፥ ማኅበሩም ድርሻውን ያገኛል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ለጀመረው ሕንፃ ሰይፉ ፋንታሁን በቀጥታ ስርጭት ሕዝቡን በጠየቀ ጊዜ ስጦታው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ደረሰ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፥ ሕዝቡ የሰጠው ስለ ተለመነ ብቻ አይደለም። ማዕከሉ ለብዙ ዓመታት ከጐዳና ያነሣቸውን ሰዎች አይቶ ስለ ነበረ ነው። ሥራ የሌለበት ማስታወቂያ ያን ያህል አያስገኝም፤ ማስታወቂያ የሌለው ሥራም በጨለማ ይቀራል።

ሦስተኛው ዓይነት ርዳታ መግዛት ነው። ክብርት ዶክተር አበበች ጐበና እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ተጉዘው በረኀብ ከተጐዳው ከወሎ ሕፃናት ይዘው በተመለሱ ጊዜ ልጆቹን ያሳደጉት በመጀመሪያ ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ ነበር። በሰኔ 2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ቀን ድረስ ያቋቋሙት ማኅበር ከሚረዳቸው ሰዎች አያሌዎቹን ሙያ አስተምሯል። እኛም ዘንድ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከከተማው ጥቂት ራቅ ብሎ፥ ወለቃ አለች። ቤተ እስራኤላውያኑ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም የሸክላ ሥራ አልተቋረጠባትም፤ ሴቶች ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብለው ለጐብኚ ይሸጣሉ። ጐብኚ በጠፋበት ዓመት ግን ሸክላው ተከምሮ ይቀራል። ለእነዚህ ሴቶች ከምጽዋት ይልቅ የሚያስፈልጋቸው ሸክላው ሳይሰበር አዲስ አበባ እንዲደርስ የሚያሽግ ሰው፥ ዋጋውንና የሠሪዋን ስም የያዘ ትንሽ ካርድ የሚያትምላቸው ሰው፥ በሱቁም ጥግ አንድ መደርደሪያ የሚለቅላቸው ሰው ነው። ላኪው ማሸግን ያውቃል፥ የማስታወቂያ ቤቱ ካርዱን ያትማል፥ ባለሱቁ መደርደሪያ አለው። የሦስቱም ወጭ ተደምሮ አንድ የእራት ግብዣ አይሞላም።

አሁን ጥቂት ስለ ማስጠንቀቂያ። ስጦታና ማስታወቂያ አብረው መሄዳቸው ነውር የለበትም። ነውሩ ስጦታው የማስታወቂያው አሽከር ሲሆን ነው። አንድ ንግድ ቤት ለተማሪዎች ደብተር ባደለ ጊዜ የባነሩ፥ የፎቶግራፍ አንሺውና የድምፅ ማጉያው ወጭ ከደብተሩ ዋጋ በልጦ አይቻለሁ። ልጆቹም ደብተራቸውን በግንባራቸው ትይዩ ከፍ አድርገው ፀሐይ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመዋል። የልጅ ፊት፥ የሕመምተኛ ፊት፥ የተፈናቀለች እናት ፊት የሱቅ ሰሌዳ አይደለም። የማስታወቂያ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 759/2004 የሚመራ ሲሆን አዋጁም የሰውን ክብር መጠበቅ ግዴታ አድርጎታል። ፎቶግራፍ ካስፈለገ የታደሰውን ክፍል፥ የተገዛውን አልጋ፥ ሥራ ላይ ያለውን እጅ ማንሣት ይበቃል። ይህን ለደንበኛው መንገር የሚችለው የማስታወቂያ ሠሪው ነው። ባነሩን ትልቅ ቢያትም የሚጠቀመው እርሱ ሆኖ ሳለ «ይህን ያህል አያስፈልግዎትም» ቢል ቃሉ ይታመናል።

ማኅበራትም በአንድ ለጋሽ ብቻ እንዳይንጠለጠሉ መምከር ይገባል። የቢራ ፋብሪካዎች ለእግር ኳስና ለበዓላት ከፍ ያለ ገንዘብ ያወጡ እንደ ነበር ይታወሳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን በሬዲዮና በቴሌቪዥን በከለከለ ጊዜ በዚያ ገንዘብ ብቻ ተደግፈው የቆሙ ብዙ ዝግጅቶች ተናጉ። አዋጁ መልካም ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ በበኩሌ መልካም ነው እላለሁ። ነገር ግን አንድ ትልቅ ለጋሽ ከሚኖረው ይልቅ ሠላሳ ትንንሽ ለጋሾች ያሉት ማኅበር ክረምቱን እንደሚሻገር ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሠላሳውን ትንንሽ ለጋሾች በስም መዝግቦ፥ በየሦስት ወሩ አጭር መልእክት በስልክ መላክ ደግሞ የማስታወቂያ ቤቱ የዕለት ሥራ ነው።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልጨምርና ላብቃ። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በአሁኑ ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይመራሉ። እድርና እቁብ ግን በዚህ አዋጅ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ስጦታ ከመስጠታችሁ በፊት የምዝገባ የምስክር ወረቀቱን ቅጂ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ደኅና ማኅበር ሳይጠየቅ ያሳያል። አዋጁ ድርጅቶች ለዓላማቸው የሚውል ገቢ በሥራ እንዲያገኙ ስለሚፈቅድ ከላይ ስለ መግዛት ያልነው ነገር ሕጋዊ መንገድ አለው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ ለኢትዮጵያ የበጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ከመቶ 10 እስካልበለጠ ድረስ እንዲቀነስ ፈቅዷል። አዋጁ ከወጣ በኋላ ማሻሻያ የተደረገበት ስለ ሆነ፥ በተለይም በዕቃና በሙያ የተሰጠው እንዴት እንደሚመዘገብ፥ የሒሳብ ዐዋቂያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ደረሰኝ የሌለው ስጦታ በእግዚአብሔር ዘንድ ይቆጠር ይሆናል፤ በግብር ሰብሳቢው ዘንድ ግን አይቆጠርም።

በዚህ መንገድ ለመጀመር የሚፈልግ ንግድ ቤት ሐምሌ 1 ቀን የሒሳብ ዓመቱ ሳይገባ፥ በሰኔ ወር፥ አንድ ማኅበር ብቻ ይምረጥ። ወደ ማኅበሩ ሄዶ አንድ ቀን ይዋልና ምን እንደ ጐደለው በዓይኑ ይይ። ከዚያም በአንድ ገጽ ውል ይጻፍ፦ ንግድ ቤቱ በዓመት ስንት የሥራ ቀን ወይም ምን ያህል ዕቃ እንደሚሰጥ፥ ማኅበሩ በየስንት ወሩ ሒሳቡን እንደሚያሳይ፥ ፎቶግራፍ በማን ፈቃድ እንደሚነሣ፥ የንግድ ቤቱ ስም የት የት እንደሚታይና የት እንደማይታይ። የመኪና ባለቤቶችም በዚህ ውል ሊገቡ ይችላሉ። ከጐንደር እስከ ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ገብስ ለማምጣት ባዶውን የሚወጣ መኪና የትምህርት ቤት ወንበርና የእህል ዘር ይዞ ቢወጣ ከነዳጁ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው። በሰኔ የተፈረመ ውል በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ሥራ ላይ ይደርሳል፤ ለጥምቀት በዓል እንግዳ ወደ ከተማችን ሲገባም ሰሌዳው ቆሞ ይጠብቀዋል።